የእንግጫ ሰሞን መርዶ

አምበር፥ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሳፍንት፤

እንደ ወጉ ስለ ጤናህ፥ ስለ ሥራህ፥ ስለዚያ አገር ብርድ እየጠየቅሁ ገጹን መሙላት ነበረብኝ። ዛሬ አልቻልኩም፤ ይቅር በለኝ።

አዲስ አበባ ባለው በወንድሜ ልጅ በአበባው በኩል የላክኸው ወረቀት ከፋሲካ በኋላ ደረሰኝ። «ትሕትና እህቷ ለምን ዝም እንዳለች እየጠየቀች አስቸገረችኝ፤ ምን ልበላት?» ብለሃል። ልጄ ጥሩብርሃን ዐርፋለች። ሚያዝያ 9 ቀን ዐረፈች፥ በማግሥቱ ቀበርናት። ሆዷን በቀኝ በኩል አማት። ማርቆስ ሆስፒታል ለማድረስ የተዘጋው መንገድ ዛሬ ይከፈታል፥ ነገ ይከፈታል ስንል ሦስት ቀን ተቀመጥን። በአራተኛው ቀን በቃሬዛ ይዘናት ወጣን፤ አልደረስንም። ከዚህ የበለጠ አልጽፍልህም። አንተ ከአገር ስትወጣ በእናቷ ጀርባ የነበረችው ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ትሕትና ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ወር እንደቀራት ነግረኸኛል። ሁለት ዓመት የደከመችበት ነው፤ ይህን ወር እንዳትነግራት። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ደግሞ ለአንተ አላስተምርህም። ሽማግሌ በንጋት ይሄዳል፥ የንስሐ አባት ይቀድማል፥ ስትወድቅ የምትይዛት ሴት ከጎን ትቆማለች። ወረቀት አንብባ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? እኔ ከዚህ ልመጣ አልችልም። አንተ እዚያ አገር ያለኸኝ ብቸኛ ሰው ነህ። ፈተናዋን ስትጨርስ ያገኘኸውን ሰው ሰብስበህ በወጉ ንገራት።

እስከዚያ ስትጠይቅህ ስልክም ኢንተርኔትም ስለተቋረጠ ነው በላት። ይህ ውሸት አይደለም፤ እንደተቋረጠ ነው።

እናቷ ማንጠግቦሽ ሰላም ብላሃለች። እህል ትንሽ ትንሽ መቅመስ ጀምራለች።

የኔታህ አካለ ወልድ


ፔች፥ ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየኔታ አካለ ወልድ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ ስጽፍ ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ከቅኔ ቤትዎ ጠፍቼ የሄድኩ ቀን «መሳፍንት ከከባድ ነገር ሁሉ ይሸሻል» ብለው ነበር አሉ። ያኔ ተቀይሜዎት ነበር። አሁን አልቀየምም።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፥ ትሕትና ፈተናዋን ጨርሳለች፤ በሰኔ 7 ቀን መምህራኖቿ ፊት ቆማ በጥሩ ውጤት አለፈች። የለም፥ አልነገርኳትም።

ላለመንገር አልነበረም። በማግሥቱ በንጋት ልሄድ ወስኜ፥ የሚያግዘኝ ሰው ስፈልግ ዋልኩ። በዚህ ከተማ ሐበሻ እኔና እሷ ብቻ ነን። መቅዲ የምትባል የባሕር ዳር ልጅ ዋና ከተማው ውስጥ ሆቴል ትሠራለች፤ በባቡር ሦስት ሰዓት ነው፥ በዚያ ሳምንት ፈቃድ አላገኘችም። ቄስ የሚገኘው ድንበር ተሻግሮ ቪየና ነው። እንግዲህ ንጋቱም አልፎ ብቻዬን ሄድኩ። ስደርስ ቤቷ እንግዳ አለ። ሁለት ጓደኞቿ፥ ዮዲትና ማርቶን የሚባሉ የዚህ አገር ልጆች፥ ወለል ላይ ቁጭ ብለው ሣር ይጎነጉናሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት እነዚህ ልጆች የራሳቸውን በዓል አሳይተዋት ነበር። ሞሃች ወደምትባል ከተማ ይዘዋት ሄዱ። ወንዶቹ የበግ ለምድ ገልብጠው ይለብሳሉ፥ ቀንድ ያለው የእንጨት ጭንብል ያጠልቃሉ፥ ቃጭል እያንቃጨሉ መንገዱን ሞልተው ክረምትን ያባርራሉ። ትሕትና ሦስት ቀን ሙሉ ስትስቅ ሰነበተች። ከዚያ «የእናንተስ?» ብለው ጠየቋት። እሷም እንግጫ ነቀላን ነገረቻቸው፤ ልጃገረዶች በጳጉሜን ማብቂያ ወደ መስክ ወጥተው እየዘፈኑ ሣሩን እንደሚነቅሉ፥ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው በቅዱስ ዮሐንስ ጠዋት በአባትና በእናት ራስ ላይ፥ በምሰሶው፥ በበረቱ እንደሚያስሩ። አሁን መስከረም አንድን ከከተማው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ሊያከብሩ ተነሥተዋል። ሰው ጠርተዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ሜዳውን ፈቅዶላቸዋል።

ዘፈኑን የሚማሩት ከስልኳ ላይ ነው። ዓምና ጥሩብርሃን ስታወጣ የተቀዳ ነው፤ ድምፁ የእሷ ነው። እሷ ታወጣለች፥ ፈረንጆቹ አፋቸው እየተንተባተበ ይቀበሏታል። እኔ ልነግራት የሄድኩት ሰውዬ ወንበር ተሰጥቶኝ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሻይ ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ።

ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝና አንድ መልእክት አደራ አለችኝ። በየዓመቱ ዘፈን አውጪዋ አዲስ ግጥም ታመጣለች፤ የዘንድሮውን እህቴ ጥሩ ጽፋ ትላክልኝ ብላለች። ምን ልበላት፥ የኔታ? ከእግርዎ በታች ወድቄ የምጠይቅዎ ይህንን ነው።

ልጅዎ መሳፍንት


አምበር፥ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለመሳፍንት፤

አልተቆጣሁህም። ከከባድ ነገር ይሸሻል ማለቴን አላስታውስም፤ ብዬም ከሆነ እኔም ያው ነኝ። በክፉ ቀን የተናገረ መምህር ይቅር ይባላል።

ክረምትን በቀንድና በቃጭል ማባረራቸው አስቆኛል። የእኛ ክረምት በአበባ ስናባብለው ነው የሚሄደው፤ የእነሱ አስቸጋሪ ሳይሆን አይቀርም። ዮዲት የምትባለዋ ልጅ ስሟ ለእኛ ሰው ትንሽ ያስደነግጣል፤ ግን ለልጄ ሣር የምትጎነጉን ከሆነች ትባረክ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ከዚህ ጋር አራት መስመር ግጥም ልኬልሃለሁ። ጥሩብርሃን የላከችው ነው ብለህ ስጣት።

አባይ ሞልቶ ቢያግደኝ መንገዱ ቢዘጋ፥
አበባ ይዤልሽ መጣሁኝ ሲነጋ፤
እህቴ ሩቅ ያለሽው ከሰው አገር ሜዳ፥
እንግጫው ያንቺ ነው እኔ ነኝ እንግዳ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማርኩ ሰው የልጃገረድ ዘፈን መግጠም አያቅተኝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ሙሉ ወሰደብኝ። ያጠፋሁትም እዚሁ ላይ ነው፥ ልንገርህ፤ ስጽፈው ደስ አለኝ። እሷ እንዴት ትለው ነበር እያልኩ ስጽፍ ልጄ ከጎኔ ቁጭ ያለች መሰለኝ። ያን ቀን ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ። ማንጠግቦሽ ሰሐኑን ስታነሣ አየችኝና ምን አግኝተህ ነው አለችኝ። ነገርኳት።

ተጣላን። በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ተጣልተን አናውቅም። «እህቷ አፈር ለብሳ እሷ አበባ ለብሳ ብትጨፍር፥ ያወቀች ቀን ራሷን ይቅር አትልም። ልጄን አታታልልብኝ፤ አንዷን ቀብሬያለሁ፥ ሁለተኛዋን አትንካብኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ አንድ ደስታ ይኑራት ባይ ነኝ። ከዚህ ለቅሶ በኋላ መቼ ልትስቅ ነው? እንግዳ ጠርታለች፥ ቃል ሰጥታለች፥ ያገሯን ወግ ልታሳይ ነው። ያን ቀን ትስቅ። መስቀል ካለፈ በኋላ መቅዲም ፈቃድ ታገኝ ይሆናል፥ ከቪየናም ቄስ ይገኝ ይሆናል፤ ያኔ በወጉ ንገሯት።

ውሳኔው የእኔ ነው፤ አንተ የታዘዝከውን አድርግ። ኃጢአቱ ካለበት በእኔ ይሁን።

እዚህ ልጃገረዶቹ ዘንድሮ ስለ እንግጫ አያነሡም። ሣሩ ግን በቅሏል።

አካለ ወልድ


ፔች፥ ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየኔታ አካለ ወልድ፤

ጾመ ፍልሰታን በሰላም እንዳስፈጸመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የዘንድሮውን ከወተት ፋብሪካ ሠራተኛ በማይጠበቅ ጥንካሬ ጾሜያለሁ፤ ሌላ የምችለው ነገር ስላልነበረ ነው።

ግጥሙን ሰጠኋት። እንዴት ተቀበለችው ብለው በአበባው በኩል ያስጠየቁኝን እነሆ። ቆማ ነበር የተቀበለችኝ። አነበበችው፥ ደግማ አነበበችው። «ጥሩ ራሷ ናት የገጠመችው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «ጽሕፈቱ የአባዬ ነው» አለች። እሷ እያለችለት እሱ ጻፈው አልኩ፤ ይህችን እንኳ እርስዎ አላስተማሩኝም፥ ከራሴ አመጣኋት። ወረቀቱን አጠፈችና «እሺ» አለች። ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጥሩብርሃን ጠይቃኝ አታውቅም። ልቧ ዐርፎላት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

አሁን ግን አንድ ጥፋት ልናዘዝ። ለዮዲት ነገርኳት። በከተማው አደባባይ አግኝታኝ የትሕትና እህት ምን ዓይነት ልብስ እንደምትወድ ጠየቀችኝ፤ ከበዓሉ በኋላ ስጦታ ሊልኩላት አስበው ነው። አለቀስኩ፥ የኔታ፤ በዚህ ዕድሜዬ አደባባይ ላይ አለቀስኩ። ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቀን አያድርም፥ አሁኑኑ ሄደን እንንገራት አለች። ስለ መርዶ ወግ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ንጋቱን፥ ሽማግሌውን፥ ከጎን የምትቆመውን ሴት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ ይህ ሁሉ ለእሷ ነው ወይስ ለእናንተ?» አለችኝ። ተናድጄባት ሄድኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ንዴቱ አለፈ፥ ጥያቄው ቀረ።

እንድትቆይ አስማልኳት። እስከ በዓሉ ዋዜማ ብቻ ነው የምቆየው ብላለች። ማንጠግቦሽ እናቴ እውነት አላቸው፥ የኔታ። እህቷ ሞታ ስትጨፍር የሚያያት እኔ ነኝ፤ አብሬ የማጨበጭበውም እኔ ነኝ። እባክዎ ይፍቀዱልኝ፤ ከበዓሉ በፊት ልንገራት። እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አልነግራትም፥ ያን ያህል ድፍረት የለኝም።

መሳፍንት


አምበር፥ ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሳፍንት፤

ንገራት። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ንገራት፥ ቄስም አትጠብቅ፥ ሰውም አትጠብቅ። ያችን የፈረንጅ ልጅ ይዘህ ሂድ። ልጄ እንዳትጨፍር።

ትናንት ልጃገረዶቹ ቤታችን መጡ። ዘጠኝ ነበሩ። ለእንግጫ ሊወጡ እንዳልሆነ፥ ቢወጡም ድምፅ እንደማያሰሙ ሊነግሩን ነው የመጡት። ማንጠግቦሽ «ውጡ እንጂ ልጆቼ፥ ዓመቱ እንዴት ይገባል?» ብላ ተነሥታ ግቢው መካከል አቆመቻቸው። እሺ ብለው ቆሙ። የምታወጣላቸው የለችም። አንዷ ጀመረችና አቆመች፥ ሌላዋ ጀመረችና አቆመች። ዘጠኙም ቆመው ቀሩ። ማንጠግቦሽ ወደ ውስጥ ገባች።

ያኔ ነው ያጠፋሁት የገባኝ። እኛ እዚህ እናለቅሳለን፥ ጎረቤት ያለቅስልናል፥ ልጆቹ እንኳ ቆመው ያለቅሳሉ። እሷን ግን ከለቅሶዋ ከለከልኳት። አንድ ደስታ ይኑራት ብዬ አልነበረም፥ ልጄ፤ ጥሩ ያልሞተችበት አንድ ቤት በዓለም ላይ እንዲቀር ፈልጌ ነው። ያ ቤት የትሕትና ነበር።

ይህን ወደ ደጀን በእግሩ ለሚሄድ ሰው እየሰጠሁ ነው። ከበዓሉ በፊት ያድርሰው።

አካለ ወልድ


ፔች፥ መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ አካለ ወልድ፤

እንኳን አደረስዎ ማለት አልችልም፤ አለማለትም ነውር ሆነብኝ። ይለፈኝ።

የጳጉሜን አንዱ ደብዳቤዎ የደረሰኝ መስከረም 3 ቀን ነው። አበባው ከደጀን እጁ የገባው በቅዱስ ዮሐንስ ማግሥት ነው፥ ያኔውኑ ፎቶ አንሥቼ ላክሁ ይላል። ዮዲትም በዋዜማው ልትነግራት ሄዳ ነበር፤ ትሕትና በሩ ላይ አቅፋት «ዛሬ የምትይኝን ሁሉ ከነገ ወዲያ ትነግሪኛለሽ» ብላ አስገባቻት። ዮዲትም ሳትነግራት ተመለሰች። እንግዲህ በዓሉ ሆነ።

አርባ የሚሆን ሰው መጣ። እንግጫ በዚህ አገር ስለሌለ እዚህ አቅራቢያ ካለ ሐይቅ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነቅለው ነበር፤ አደይም ስለሌለ ስሙን የማላውቀው ቢጫ አበባ አደረጉበት። ማርቶን በየካቲት ያጠለቀውን ባለ ቀንድ ጭንብል ይዞ መጥቶ፥ ሣር ጠምጥሞበት ልጆችን ሲያስቅ ዋለ። ትሕትና እናቷ የላከችላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ መሐል ገባችና አወጣች። መጀመሪያ ከስልኩ የተማሩትን። ከዚያ የእርስዎን አራት መስመር። ፈረንጆቹ ቃሉን ሳያውቁት ይቀበሏታል። ደጋገመችው፤ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ደጋገመችው። ደስታ ነው ብዬ አጨበጨብኩ። ሲያበቃ በየሰዉ ራስ ላይ ሣሩን አሰረች። እኔ ጋ ስትደርስ አሰረችልኝና ምንም ሳትለኝ አለፈች።

በመስከረም 4 ንጋት ሄድን። መቅዲ ፈቃድ ሳትጠይቅ ከሥራዋ ቀርታ መጣች። ዮዲትና ማርቶንም አብረውን ነበሩ፤ ከኋላ ቁሙ፥ ቀድማችሁ አትናገሩ፥ ስታለቅስ አታጽናኑ፥ አልቅሱ ብዬ አስተምሬያቸዋለሁ። ለዮዲት ነጠላ አዘቅዝቄ አለበስኳት። አገራችንን ሊያዩ የፈለጉ ልጆች ናቸው፤ ይኸው አሳየኋቸው።

በሩን ሳንኳኳ ተከፈተ። ጥቁር ለብሳለች። ከግድግዳው ጋር ወንበሮች ተደርድረዋል፥ ከጎረቤት የተዋሰቻቸውም አሉበት። ሁላችንንም አየችን፥ አንድ በአንድ። ከዚያ እኔን አለችኝ፦ «ግጥሙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ በየንጋቱ ተነሥቼ በሩን እጠብቃለሁ። ለምን ቆያችሁ?»

ምን ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም። የነገረችኝን ግን ልጻፍልዎ። ጥሩብርሃን ገጥማ ቤት የመታላት ግጥም የለም አለች። የስንኙን ቀለም ስድስት ስድስት ቆጥራ አታውቅም፤ አባዬ ሁልጊዜ ይስቅባት ነበር፥ አንድም ቀን ግን አርሞላት አያውቅም አለች። «አባዬ በእሷ ስም የሚገጥመው እሷ ከሌለች ብቻ ነው» አለች። ሐምሌና ነሐሴን ሁሉ አውቃ ነው የተቀመጠችው። ሳይነገራት ማልቀስ ስለማይገባ አላለቀሰችም። እንግዶቿን ስለጠራች አልተወችም። ያን ግጥም ሜዳው ላይ ስትደጋግም ሙሾዋን ማውረዷ ነበር፤ አርባ ፈረንጅ እየተቀበላት፥ እኔ እያጨበጨብኩላት።

ከዚያ አለቀሰች። መቅዲ ያዘቻት። ዮዲት እስከ ማታ ከእግሯ ሥር አልተነሣችም፤ ማርቶን ወጥቶ ዳቦ እያመጣ ሲያበላን ዋለ። ሦስት ቀን አብረናት ተቀመጥን።

ለእርስዎ ወረቀት ሰጥታኛለች፥ ከዚህ ጋር ነው። አላነበብኩትም። እኔን በክፉ አላየችኝም፤ ሻይም ቀድታልኛለች። እንደ ድሮው ግን «ጋሼ» አላለችኝም።

መሳፍንት


አምበር፥ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሕትና፤

ወረቀትሽ ደረሰኝ። አንድ ገጽ ነው፥ ከገጹም የሚበዛው ባዶ ነው። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። ለምን ዋሸኸኝ አላልሽም። ስለ እህትሽ አሟሟትም አልጠየቅሽም። የጠየቅሽው አንድ ነገር ነው፤ «እናቴ አለች ወይ?»

አለች፥ ልጄ።

ይህን ቃል ጽፌ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ከዚያ ወረቀትሽን ይዤ ወደ እሷ ሄድኩና አነበብኩላት። በመጀመሪያ ሣቀች፤ «ምነው ልጄ ገደለችኝ?» አለች። ከዚያ ለምን እንደጠየቅሽ ገባትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔን አልተቆጣችኝም። «አለሁ ብለህ ጻፍላት» ብቻ አለችኝ።

እንዴት እንደምጽፍልሽ ሳስብ አንድ ሳምንት አለፈ። እናትሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ የእጇን ጽሕፈት ልልክልሽ አልችልም። አውራ ጣቷን ቀለም ነክሬ ከግርጌ አሳርፌልሻለሁ፥ ታዪዋለሽ። ግን የጣት አሻራ የማንም ሊሆን እንደሚችል ታውቂያለሽ። ምስክር ልጥራ ብዬ አሰብኩ። አበባው ይመስክር እንዳልል፥ በሰኔ «ጥሩ ደህና ናት» ብሎ የላከልሽ እሱ ነው። መሳፍንት ይመስክር እንዳልል፥ እሱም ያንኑ ነግሮሻል። የንስሐ አባታችን አባ ዘማርያም ይመስክሩ እንዳልል፥ ዝም በሏት ብለው የመከሩን እሳቸው ናቸው። የቀረን ምስክር የለም። ሁሉንም በጥሩ ላይ ጨረስናቸው።

እሷ ብቻ የምትለውን ነገር ብጽፍልሽስ አልኩ። ቀይዋ ላም ወለደች በላት አለችኝ፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት በላት፤ በዚያ ብርድ ራሷን ሳትሸፍን እንዳትወጣ በላት፤ እነዚያን ያስተዛዘኗትን ልጆች እናታችሁ አመሰገነቻችሁ በላት። ይህን ሁሉ ብላለች፥ ከአፏ ነው የጻፍኩት። ነገር ግን እናትሽ የምትለውን ሁሉ አውቃለሁ፥ ሃያ ስምንት ዓመት ሰምቻታለሁ። ባትኖርም ይህንኑ ልጽፍልሽ እችል ነበር። የእህትሽን ድምፅ በአራት መስመር የሠራሁልሽ ሰው የእናትሽን በአንድ ገጽ መሥራት አያቅተኝም። አንቺም ይህን ስለምታውቂ ነው የጠየቅሽኝ። በደንብ ብጽፈው ትጠረጥሪዋለሽ፥ ባላሳምረው ሆን ብሎ ነው ትያለሽ።

ስልክ ሲከፈት ድምጿን ትሰሚያለሽ። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አላገኘሁም። አትምጪ እንዳልልሽ የሸሸግኩት ነገር ያለ ይመስልሻል፤ ነዪ እንዳልልሽ መንገዱን እፈራለሁ። ከዚህ በኋላ «ደህና ነን» ብዬ የምጽፍልሽ ሁሉ ምንም ማለት አይደለም። ለልጁ ደህና ነኝ ብሎ መጻፍ የማይችል አባት ሆኜ ቀረሁ፥ በገዛ እጄ።

አሁን ከውጭ እየጠራችኝ ነው። ደብዳቤውን የሚወስደው ሰው ሊሄድ ነው፥ ፍጠን ትለኛለች። አመነችኝ ወይ ብላ በሚቀጥለው ወር ትጠይቀኛለች።

እናትሽ አለች፥ ልጄ። በእግዚአብሔር ስም፥ አለች።

አባትሽ አካለ ወልድ